ከእናት ጋር የሚወጣው ኢንተርኔት

በከተማችን በብዙ ቤቶች ማታ ማታ የሚሰማ አንድ ጥሪ አለ። እናት ሥራ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ በመንገዷ ሽንኩርትና ዳቦ ገዝታ ቤቷ ስትደርስ፣ ገና ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ ሆትስፖት ክፈቺልኝ!» የሚል ድምፅ ይቀበላታል። ትልቋ ልጅ የባዮሎጂ መልመጃ አላት። ታናሹ ካርቱን ማየት ይፈልጋል። የአባወራው ላፕቶፕም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለመላክ መስመር ይጠብቃል። በቤቱ ውስጥ የኢንተርኔት ፓኬጅ የተሞላበት ስልክ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ያለው በእናት ቦርሳ ውስጥ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው በእጅ ስልኮቻችን ውስጥ ተሠርቶ ስለ ገባው፣ የአንዱን ስልክ የኢንተርኔት መስመር ያለ ሽቦ ለሌሎች መሣሪያዎች ስለሚያካፍለው አገልግሎት ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ሆትስፖት ይባላል፤ በየቤቱም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል፤ አንድ ምልክት መንካት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ከዚያች ምልክት በስተኋላ የቤት በጀት አለ፤ የልጆች ትምህርት አለ፤ የእናትም ጊዜና ድካም አለ። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅና በአጠቃቀሙ ላይ በቤተሰብ ደረጃ መነጋገር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስልኩ ምን ያደርጋል?

ዘመናዊ የእጅ ስልክ በውስጡ ከአንድ በላይ የራዲዮ መሣሪያዎች አሉት። አንደኛው ርቆ ከቆመው የኔትወርክ ምሰሶ ጋር የሚነጋገረው ነው። ሁለተኛው ዋይፋይ ሲሆን፣ በቤት ውስጥና በቤት ዙሪያ ባለው አጭር ርቀት ይሠራል። ሦስተኛው ብሉቱዝ ይባላል፤ ርቀቱም ጉልበቱም ከዋይፋይ ያነሰ ነው። ሆትስፖት ስንከፍት ስልኩ ከምሰሶው የተቀበለውን በዋይፋይ አማካይነት መልሶ ያሠራጫል። ታብሌቱ ወይም ላፕቶፑ የራሱ ሲም ካርድ ባይኖረውም፣ በስልኩ በኩል ተሻግሮ ከውጭው ዓለም ጋር ይገናኛል።

በቀድሞው ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫር እንደነበር ትልልቆቹ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ፍም ሰጥቶ የሸኘ ሰው የራሱ እሳት አይጎድልበትም። ሆትስፖት ግን እንደ እሳት አይደለም፤ ይበልጥ የሚመስለው የጀሪካን ውኃ ነው። የገዛነው ፓኬጅ ጀሪካኑ ሲሆን፣ የተገናኙት መሣሪያዎች ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ጀሪካን የሚቀዱ ብርጭቆዎች ናቸው። ብርጭቆ በተጨመረ ቁጥር ውኃው ቶሎ ያልቃል። ይህችን ልዩነት ልብ ያለ ሰው የጉዳዩን ግማሽ አወቀ ማለት ነው።

የማካፈያ መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በዋይፋይ ሲሆን፣ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን ሁለቱ ራዲዮዎች አንድ ላይ ስለሚሠሩ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ ስልኩም ይሞቃል። ሁለተኛው በዩኤስቢ ሽቦ ነው። ስልኩን በቻርጅ ማድረጊያ ሽቦው ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ይበቃል። መስመሩ የማይቆራረጥ ከመሆኑም በላይ ስልኩ በዚያው ቻርጅ ይደረጋል። ሦስተኛው በብሉቱዝ ነው። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ባትሪ ይቆጥባል፤ ደብዳቤ ለመላክና ጽሑፍ ለማንበብ በቂ ነው።

ብሉቱዝን ካነሣን ዘንድ አንዲት ሴት ሳትጠቀስ ማለፍ የለባትም። ታዋቂዋ የፊልም ተዋናይት ሄዲ ላማር ጆርጅ አንታይል ከተባለው የሙዚቃ ደራሲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ አንድ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አግኝታ ነበር። የፈጠራው ሐሳብ በራዲዮ የሚመራን የባሕር ውስጥ ተወንጫፊ ጠላት እንዳያውከው ሞገዱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘለሉ መላክ ነው። ዛሬ ብሉቱዝ የሚሠራበትም መርሕ ይኸው ከሞገድ ወደ ሞገድ መዝለል ነው፤ በመደበኛው ብሉቱዝ መዝለሉ በሴኮንድ እስከ 1,600 ጊዜ ይደርሳል። በዘመኗ መልኳ እንጂ አእምሮዋ ብዙም ያልተነገረላት ሴት ያሰበችው መርሕ ዛሬ በየኪሳችን ይገኛል።

ቀድሞ ፈቃድ የሚከፈልበት ነበር

ይህ ችሎታ ሁልጊዜ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣ አልነበረም። የአፕል ኩባንያ በአይፎን ስልኩ ላይ በሽቦና በብሉቱዝ የማካፈሉን ችሎታ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 2.2 እትሙ ስልኩን ራሱን የዋይፋይ ማሠራጫ አደረገው፤ በአንድ ጊዜም እስከ 8 መሣሪያዎች ለማገናኘት ቻለ። በሚቀጥለው ዓመት አይፎንም በዋይፋይ ማካፈል ጀመረ።

ችሎታው በስልኩ ውስጥ ቢኖርም ተጠቃሚው እንደ ልቡ ይገለገልበት ነበር ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በወር 25 ዶላር ለሚከፈልበት የ2 ጊጋባይት አገልግሎት፣ መስመሩን ለሌላ መሣሪያ ለማካፈል ብቻ በወር 20 ዶላር ተጨማሪ ይጠይቅ ነበር። ለ20 ዶላሩ አንድም ተጨማሪ ዳታ አይሰጥም ነበር። ቬራይዘን ዋየርለስ የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያካፍሉባቸው ፕሮግራሞች ከአንድሮይድ መደብር እንዲታገዱ በማድረጉ ተመርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሜሪካ መንግሥት 1.25 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል ጉዳዩን ጨርሷል።

ይህንን ታሪክ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጀሪካን ውኃ የገዛ ሰው ውኃውን በአንድ ብርጭቆ ይጠጣው ወይስ በአራት ሻጩ ሊወስንለት ይገባል ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ ማካፈያው ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይገኛል። ሆኖም በልዩ ልዩ አገሮች አንዳንድ ፓኬጆች፣ በተለይም «ያልተገደበ» የሚባሉት፣ ስለ ማካፈል የራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ፓኬጅ ከመግዛት በፊት «በሆትስፖት ላካፍለው እችላለሁን?» ብሎ መጠየቅ የገዢ መብት ነው።

በእኛ ቤት ለምን ተስፋፋ?

በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ስልክ ማለት መደወያ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለብዙው የከተማ ቤተሰብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የኢንተርኔት በር የእጅ ስልክ ነው። ለዚህም በርከት ያሉ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የቤት ኪራይ ነው። የተከራየ ቤተሰብ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሚሆን፣ በግድግዳ የሚገባ መደበኛ መስመር ማስገባትና ቤት በለወጠ ቁጥር ማዛወር ይከብደዋል። ስልክ ግን ከባለቤቱ ጋር ቤት ይለውጣል።

ሁለተኛው መብራት ነው። በቤት የተተከለ የዋይፋይ መሣሪያ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስልክ ባትሪ ስላለው መብራት በሌለበት ምሽትም ያገለግላል። በሻማ ብርሃን ደብተሩን ዘርግቶ፣ በእናቱ ስልክ መስመር የነገውን ፈተና የሚያጠና ተማሪ በብዙ ቤት አለ።

ሦስተኛው የዋጋ ነገር ነው። ሲም ካርድ የማይገባበት ታብሌት ከሚገባበት ይረክሳል። ለምሳሌ የአፕል የመጀመሪያው ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ፣ ዋይፋይ ብቻ ያለው 499 ዶላር፣ ሲም የሚቀበለው ደግሞ 629 ዶላር ነበር። በ130 ዶላሩ ልዩነት የተነሣ ገዢው ርካሹን ይመርጣል፤ የተመረጠው ታብሌት ግን ቤት ሲገባ የሌላ ሰው ስልክ ጥገኛ ይሆናል። ከውጭ አገር ዘመድ ለልጆች የሚልከው ታብሌትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ዓይነት ነው።

አራተኛው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ የመጣው ለውጥ ነው። በዚያን ጊዜ መምህራን የቤት ሥራና ማስታወሻ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ትምህርት ቤቶቹ ተከፍተዋል፤ በቴሌግራም መላኩ ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ልማድ ሆኖ ቀርቷል። «ፋይሉ ግሩፕ ላይ ተለጥፏል» የሚለው ቃል ለወላጅ ያልታሰበ ወጪ ይዞ መምጣቱ የሚዘነጋ አይደለም።

በመጨረሻም የናፍቆት ነገር አለ። ልጇ በቤይሩት ወይም በሪያድ በቤት ሠራተኛነት የተቀጠረችባት እናት፣ ስልኳ ዳታ ባይኖረውም የጎረቤት ልጅ ሆትስፖት ከፍቶላት በአይሞ የልጇን ፊት ታያለች። ይህ በየሰፈሩ በየሳምንቱ የሚታይ በጎ ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

መስመሩ ከእናት ጋር ሲወጣ

እስካሁን የተናገርነው የአገልግሎቱን ጥቅም ነው። አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። የቤቱ መስመር በእናት ስልክ ውስጥ ነው ማለት፣ እናት ጠዋት ስትወጣ ኢንተርኔቱም አብሯት ይወጣል ማለት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት በ9 ሰዓት ተኩል ይመለሳሉ። እናት ቤቷ የምትደርሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። አእምሮአቸው ገና ባልደከመበት በእነዚህ ሰዓቶች ቤቱ መስመር የለውም። መስመሩ ሲመጣ ደግሞ እንቅልፍም አብሮ ይመጣል። የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይጨናነቃል፤ ጭቅጭቁም የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

እናትም ብትሆን ከሥራ ገብታ አላረፈችም። ስልኳ ከልጆቹ ክፍል ስለማይወጣ እኅቷ ስትደውልላት አትሰማም። ባትሪው ስላለቀ የጠዋት ማንቂያው ሳይደወል ይቀራል። በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማር እናት ከሆነች ደግሞ የራሷን ማስታወሻ የምታነበው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከፓኬጁ በተረፈው ነው። የቤቱን ሰው ሁሉ የምታስተናግድ ሴት ማዕድ ላይ መጨረሻ የምትቀርብበት አሮጌ ልማድ በዳታም እንዲደገም መፍቀድ አይገባም።

ሌላም መልክ አለ። በብዙ ቤት ስማርት ስልክ ያለው አባት ብቻ ነው። ጂኤስኤምኤ የተባለው የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ሴቶች የሞባይል ኢንተርኔት የመጠቀማቸው ዕድል ከወንዶች በ15 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ባለው ቤት መስመሩ የሚከፈተው አባት ሲመጣ ነው፤ አባት ካመሸ መስመሩም ያመሻል። በዚህ መሐል በይበልጥ የምትጎዳው ሴቷ ልጅ ናት። ወንድሟ ስልክ ፍለጋ ወደ ጓደኛው ቤት ወይም ወደ ኢንተርኔት ካፌ ሲሄድ እርሷ በምሽት እንድትወጣ አይፈቀድላትም። በቤት ውስጥ መስመሩ ሲከፈትም ሰሐን እያጠበች ስለምትቆይ ተራዋ የሚደርሰው ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ሆትስፖት መቼ፣ ለማንና ለምን እንደሚከፈት መወሰን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል? ቀላሉ ዘዴ በመሳቢያ ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ስማርት ስልክ ማስነሣት ነው። መስታወቱ ቢሰነጠቅ፣ ካሜራው ባይሠራ ግድ የለም። ሁለተኛ ሲም ካርድ ገብቶበት አነስተኛ ፓኬጅ ቢሞላበት የቤት የዋይፋይ ጣቢያ ለመሆን ይበቃል። እናት ስትወጣ እርሱ ቤት ይቀራል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ሲም የሚቀበል የኪስ ዋይፋይ መሣሪያም በገበያ አለ። በአሮጌው ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ስልኩን ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትተዉት። በትራስ ሥር ወይም በጨርቅ ሸፍናችሁም አታስቀምጡት። ባትሪው ካበጠ ወይም የኋላ ክዳኑ ከፍ ካለ ወዲያው ከአገልግሎት አውጡት።

ለዚህም አቅም ያጠረው ቤተሰብ ቢሆን ዘዴ አያጣም። መስመሩ በተከፈተበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለነገ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ፣ ማስታወሻና መልመጃ ወደ ታብሌቱ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። በማግስቱ እናት ሥራ ብትሄድም ትምህርቱ ቤት ይቀራል።

ጀሪካኑን የሚያፈሰው ማን ነው?

«ትናንት የሞላሁት ፓኬጅ ዛሬ አለቀ፤ ማን ወሰደብኝ?» የሚል ምሬት በብዛት ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የሚወቀሱት ልጆች ናቸው። እውነተኛው ተጠያቂ ግን አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ላፕቶፕ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስልካችን ራሱ በሞባይል ዳታ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ይቆጥባል። ላፕቶፑና ታብሌቱ ግን የሚያዩት ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ ሲያገኙ መጨረሻ የሌለው መስመር ያገኙ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «በዋይፋይ ብቻ» ተብለው የታዘዙትን ሥራዎች ሁሉ ይጀምራሉ። ላፕቶፑ የዊንዶውስ ማሻሻያውን ያወርዳል። ታብሌቱ ፕሮግራሞቹን ያድሳል፤ ያነሣቸውንም ፎቶግራፎች ወደ ማከማቻ ይልካል። እነዚህ ሥራዎች በአንድ ምሽት በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከጊጋባይት በላይ ይፈጃሉ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ወደ ሴቲንግ ገብታችሁ የዋይፋዩን ስም ስትከፍቱ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ትርጉሙ «ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው» ማለት ነው። እርሱን ካበራችሁ ላፕቶፑ አብዛኛውን ማሻሻያ ያቆያል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ በዳታ አጠቃቀም ክፍል ውስጥ የማስጠንቀቂያና የገደብ መጠን መወሰን ይቻላል። ስልኩ ከገደቡ ሲደርስ ዳታውን ራሱ ይዘጋል፤ ሆትስፖቱም አብሮ ይቆማል። በአይፎንና በአይፓድ ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚባለው ተመሳሳይ ቁጠባ ያደርጋል።

ቀጥሎ የቪዲዮ ጉዳይ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ፊልም ማየት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። እስቲ በቤት ሒሳብ እንመልከተው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በፋይል መልክ 20 ሜጋባይት ቢሆን፣ በ1 ጊጋባይት 50 ያህል መጻሕፍት ይወርዳሉ። ስለዚህ በከፍተኛ ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት ፊልም የ150 መጻሕፍት ዋጋ አለው ማለት ነው። ልጆች ካርቱን አይዩ አንልም። በትንሽ ታብሌት ላይ ለሚታይ ካርቱን ግን ከፍተኛው ጥራት አያስፈልገውም። በዩቲዩብ ላይ ጥራቱን ወደ 360 ወይም ወደ 240 ዝቅ ማድረግ ሕፃኑን አያስቀይምም፤ የእናትን ቦርሳ ግን ያሳርፋል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። ዳታም እንደ በርበሬ አስቀድሞ የሚመጠን ነው።

የበሩ ቁልፍ

ሆትስፖት የተከፈተ በር ነው። በር ደግሞ ቁልፍ ይፈልጋል። የይለፍ ቃል የሌለው ሆትስፖት መክፈት ማለት በአጠገብ ያለ ሰው ሁሉ ከጀሪካናችን እንዲቀዳ መፍቀድ ነው። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ዋይፋይ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ቤት ይገባል። የይለፍ ቃሉ ቢያንስ 8 ፊደል ወይም ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የልጅ ስምና የስልክ ቁጥር በቀላሉ ስለሚገመቱ አይመከሩም። የሆትስፖቱም ስም የቤት ቁጥራችሁን ወይም ሙሉ ስማችሁን ባያሳውቅ ይሻላል።

ለጎረቤት ማካፈል ነውር አይደለም፤ ባህላችንም ነው። ይሁን እንጂ ሲም ካርዱ የተመዘገበው በእናንተ ስም መሆኑን አትርሱ። በመስመሩ የሚደረገው ነገር ሁሉ ከውጭ ሲታይ ከእናንተ ስልክ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ለምታውቁት ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ክፈቱ፤ ሲጨርስም ዝጉ። ስልኩ በአሁኑ ሰዓት ስንት መሣሪያ እንደተገናኘ ስለሚያሳይ አልፎ አልፎ ተመልከቱ። ከቤተሰቡ ቁጥር የበለጠ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ለውጡ።

ለወላጅ አንድ መልካም ነገርም አለው። መደበኛ ዋይፋይ ባለበት ቤት ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ከታብሌት ጋር ሊያድሩ ይችላሉ። በሆትስፖት ቤት ግን መዝጊያው በእናት እጅ ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መስመሩን መዝጋት ቀላል ነው። ሆኖም መዝጊያው የቅጣት መሣሪያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወንድሟ ባጠፋ ለማትሪክ የምትዘጋጀው እኅቱ መስመር ልታጣ አይገባም። ልጅ በምን ፕሮግራም ላይ እንደዋለ መጠየቅና አብሮ መመልከትም መስመር ከመዝጋት የበለጠ ያስተምራል።

ተነጋግሮ መክፈት

እንግዲህ ቤተሰብ እንደ ቤት አስቤዛው ሁሉ በዳታውም ላይ ቁጭ ብሎ ቢነጋገር ይበጃል። በወሩ መጀመሪያ የሚከተሉት ጥያቄዎች ይነሡ።

የዚህ ወር ፓኬጅ ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? እናት ብቻዋን የምትከፍል ከሆነ፣ ላፕቶፑን የሚጠቀመው አባት ድርሻውን ያዋጣ።

መስመሩ በመጀመሪያ ለማን ይከፈት? ትምህርት ይቅደም፤ ሥራ ይከተል፤ ጨዋታ መጨረሻ ይሁን። ሴቷ ልጅ ተራዋን የምታገኘው ሰሐን አጥባ ከጨረሰች በኋላ ሳይሆን እንደ ወንድሟ በሰዓቱ ይሁን፤ ሰሐኑም በተራ ይታጠብ።

የእናት ስልክ ከስንት ሰዓት በኋላ የእናት ብቻ ይሆናል? ይህ ሰዓት ይወሰን፤ ይከበርም። በዚያ ሰዓት ወደ እኅቷ ልትደውል፣ ልታነብ ወይም ስልኩን አጥፍታ ልትተኛ ትችላለች።

መብራት ሲጠፋስ? ፓወር ባንክ ካለ ለጥናት ይቀመጥ። ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሆትስፖት አይከፈት፤ በሌሊት ሰው ቢታመም የመደወያው ስልክ እርሱ ነውና።

በዓለም ላይ ሰዎች መስመራቸውን ለቤተሰባቸው ለማካፈል ተጨማሪ ዋጋ የተጠየቁበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ችሎታው በየእናቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ደስ ሊለን ይገባል። መሣሪያው ማካፈል ያውቃል። ዋጋውን፣ ተራውንና ድካሙን ማካፈል ግን በመሣሪያው ውስጥ ተሠርቶ አልገባም፤ እርሱ የቤተሰቡ ሥራ ነው። ዛሬ ማታ «እማዬ፣ ሆትስፖት ክፈቺልኝ» የሚለው ጥሪ ሲሰማ ከመክፈታችሁ በፊት ቁጭ በሉና ተነጋገሩበት። በመጀመሪያ ግን ዘንቢሉን የሚቀበላት አንድ ሰው ይነሣ።